ከቃሉ በፊት ቀኑ

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 154 ስለ ጠፋ ሰው ይደነግጋል። አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ራሱ ወሬ ያልሰጠ እንደሆነ፣ ያገባኛል የሚል ሁሉ ፍርድ ቤት ቀርቦ የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥለት መጠየቅ ይችላል። ውሳኔው ሲጸና የጠፋው ሰው ትዳር ይፈርሳል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1983 ዓ.ም. በወገራና በስሜን ደጋ ልጇ ለጦር ግንባር የተወሰደባት እናት ይህን አንቀጽ ሰምታው አታውቅ ይሆናል። ኑሮዋ ግን በእሱ ሥር ነበር። ሁለቱ ዓመት መቆጠር የሚጀምረው ከመጨረሻው ወሬ ነው፤ የመጨረሻው ወሬ ደግሞ ባብዛኛው ደብዳቤ ነበር።

ስለዚህ ደብዳቤ መጣ ሲባል «ምን ይላል?» ከሚለው በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ «መቼ የተጻፈ ነው?» የሚል። በመስከረም የተጻፈ ወረቀት በጥር ቢደርስ፣ ልጁ በመስከረም በሕይወት እንደነበረ ብቻ ነው የሚመሰክረው። ከመስከረም እስከ ጥር ያለውን ማን ያውቃል?

የወታደር ደብዳቤ ሲነሣ እኛ የምናወራው ስለ ናፍቆት ነው። ዘፈኑም ድራማውም የሚያውቀው ናፍቆትን ነው። ናፍቆት መኖሩን የሚክድ የለም፤ እሱን ብቻ ስናነሣ ግን አንድ ከባድ ነገር እናልፋለን። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን በጎንደር ደጋ የልጅ ደብዳቤ የመንግሥትን ሥራ ይሠራ ነበር። መንግሥት ልጁን ሲወስድ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የገበሬ ማኅበሩን መዝግቦ ነው የወሰደው። ልጁ ሲወድቅ ግን ያንኑ መዝገብ ገልጦ «ልጅሽ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ ዐረፈ» የሚል ሰው ወደ አብዛኞቹ እናቶች ደጅ አልመጣም። ያን ያህል ሠራዊት ያሰለፈ መንግሥት ለእናቶች የተወላቸው የመረጃ መንገድ፣ ልጁ ራሱ እጁ እስከቻለ ድረስ የሚጽፈው ወረቀት ነበር።

ልጆቹ የሄዱበትን መንገድ ባጭሩ ላስታውስ። በ1969 ዓ.ም. ከመላው አገሪቱ 300 ሺህ ያህል ገበሬ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገብቶ ሚሊሺያ ሆኖ ወጣ። በግንቦት 1975 የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ታወጀ፤ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነ ሰው ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል። አዋጁ ላይ 30 ወር ነው። ጦርነቱ ሲበረታ ግን የመሰናበቻው ቀን ለብዙዎች ሳይመጣ ቀረ። ኮታ የሚሞላው የገበሬ ማኅበሩ ነበርና ወጣት ከገበያም ከመንገድም መታፈስ ጀመረ። የታፈሰ ልጅ እናቱን ሳይሰናበት ነው የሚሄደው። የመጀመሪያው ደብዳቤው ስንብትም ነው፣ የት እንዳለ ማሳወቂያም ነው።

ከአብዮቱ በፊት ከሕዝቡ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። በሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለብዙ የደጋ ልጅ ፊደል አስቆጠረ፤ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አስገኘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ያንኑ ፊደል የተጠቀሙበት ከምሽግ ለእናታቸው ለመጻፍ ነው። መጻፍ የማይችለው ለጓደኛው ይነግረዋል፣ ጓደኛው ይጽፍለታል።

የደብዳቤውን አወራረድ የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከደብተር መሐል የተገነጠለ ወረቀት፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከላይ ዳር ላይ ቀን። «ይድረስ ለውድ እናቴ» ብሎ ይነሣል። «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ብሎ ይቀጥላል። ከዚያ ሰላምታው ይመጣል፤ አባት፣ የነፍስ አባት፣ የክርስትና እናት፣ አያ እገሌ፣ እትዬ እገሊት፣ ጎረቤት፣ ማኅበርተኛ። አንድ ሰው ቢዘለል ቅያሜ ነውና ዝርዝሩ የገጹን ሁለት እጅ ይወስዳል። ቀጥሎ የቤቱ ጉዳይ ነው። ገብሱን ውርጭ መታው ወይ፣ ላሚቱ ወለደች ወይ፣ ታናሼ ትምህርቱን ቀጠለ ወይ። ስለ ራሱ የሚጽፈው ከመጨረሻው ሁለት ሦስት መስመር ነው፤ እሱም «ስለ እኔ አታስቢ» የሚል ነው።

ይህን ሰላምታ ባዶ ወግ አድርጎ የሚያይ ሰው አጋጥሞኛል። ፈጽሞ አልስማማም። ዋናው ወሬ ያለው እዚያው ውስጥ ነው። የአንድ አጥቢያ ልጆች አብረው ታፍሰው አንድ ክፍል ሊደርሳቸው ይችላል። «የእትዬ እገሊት ልጅም ሰላም ብሎሻል» ማለት የእትዬ እገሊት ልጅ በሕይወት አለ ማለት ነው። እትዬ እገሊት ያሉት ከወንዝ ማዶ ነው፤ ያንኑ ዕለት ማታ ይሰማሉ። ባለፈው ደብዳቤ ሰላም ያለው ልጅ በዚህኛው ካልተጠራስ? ጸሐፊው ልጅ ይህን አሳምሮ ያውቃል። በግልጽ እንዳይጽፍ ደብዳቤው ሊከፈት ይችላል፤ በየክፍሉ ከአዛዡ ጎን የፖለቲካ ኮሚሳርና የደኅንነት ሰው ነበሩ፣ የሠራዊቱን ጉዳት ማውራት ያስጠይቃል። የሞተውን ጓደኛውን ስም ቢዘልለው መርዶ ነው፣ ቢጠራው ውሸት ነው። ሃያ ዓመት ያልሞላው የገበሬ ልጅ ብዕሩን ይዞ የሚጨነቀው በዚህ ነበር።

ወረቀቱ የሚሄድበት መንገድም ቀላል አልነበረም። በአገራችን ፖስታ ያኔ ቤት ለቤት አይዞርም ነበር፤ የሚደርሰው እስከ ፖስታ ሣጥን ነው። ደብዳቤው ጣሊያን በወረራው ዘመን ፒያሳ ላይ በሠራት ጎንደር ፖስታ ቤት በኩል አልፎ ወደ አምባ ጊዮርጊስ፣ ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅ ይወጣል። ገበሬ ሣጥን የለውም። ስለዚህ ፖስታው ላይ የሚጻፈው «በእገሌ ትምህርት ቤት በኩል» ወይም «በመምህር እገሌ በኩል» ነው። ከደባርቅ ወዲያ ወደ ጃናሞራ ወይም ወደ በየዳ የሚሄድ ከሆነ በገበያተኛ ኪስ ገብቶ በእግር ነው የሚጓዘው። በካርታ ላይ ለደባርቅ ከአዲስ አበባ ይልቅ አስመራ ትቀርባለች። ይሁንና ሊማሊሞን ወርዶ ወደ ሽሬ የሚዘልቀው መንገድ በጦርነቱ ሲዘጋ፣ ከኤርትራ ግንባር የተጻፈ ደብዳቤ አዲስ አበባ ዞሮ ነበር ወደ ደጋው የሚመለሰው። ለዚህ ነው ቀኑ ከባድ የሆነው። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ወሬው ያረጃል።

ደብዳቤው ቤት ሲገባ የሚያነበው ባብዛኛው ልጅ ነው። አራተኛ ወይም አምስተኛ ክፍል የደረሰ የጎረቤት ልጅ ይጠራል። ይህን ልጅ ታሪክ ጸሐፊዎች ረስተውታል፤ እኔ ግን የነገሩ ሁሉ ማዕከል እሱ ነው እላለሁ። ቤቱ ሙሉ ሰው እያዳመጠው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ሲጨርስ «እስቲ ድገመው» ይባላል። ሲደግም አንዲት ቃል ቢያጎድል ይያዛል፤ እናትየው አንዴ ሰምታ በቃሏ ይዛዋለች። እንግዲህ ከመካከሉ «ቆስዬ ነበር» የሚል መስመር ቢመጣበት ምን ያድርግ? ዐይኑ ቀድሞ አይቶታል፣ አፉ ገና አልደረሰበትም። ልጁ ዐሥራ አንድ ወይም ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። እናትየው ፊቱን ታያለች። መስመሩን ማንበብ ወይም መዝለል የእሱ ፈንታ ነው፤ የሚያማክረው የለም፣ ጊዜም የለውም። ኮሚሳሩ ያላገኘውን መስመር እሱ ሊሰርዘው ይችላል፣ ያውም ከርኅራኄ የተነሣ።

መልሱንም የሚጽፈው እሱ ነው። እናትየው ትናገራለች፣ እሱ ያሳጥራል። «አባትህ ከተኛ ሰነበተ» ትልና ወዲያው «ተወው፣ ያን አትጻፈው፣ ሐሳብ ይገባዋል» ትላለች። ከበሬዎቹ አንዱ መሸጡም አይጻፍም። ልጅ ስለ ምሽጉ ይደብቃል፣ እናት ስለ ቤቱ ትደብቃለች። በዚህ መካከል ሁለቱም የሌላውን እውነት የሚፈልጉት ባልተጻፈው ውስጥ ነው፤ ከወትሮው በታች በላከው ብር፣ በተለወጠው የእጅ ጽሕፈት፣ ሳይጠራ በቀረው ስም። የእጅ ጽሕፈቱ መለወጡ ብቻውን ስንት እንቅልፍ ይነሣል! ጽሑፉ የሌላ ሰው ከሆነ ልጁ እጁን ተመትቷል ማለት ነው? ወይስ የሚጽፍለት ጓደኛው ነው የሞተው?

ይህ ሁሉ አንድ ልጅ ለተወሰደባት እናት ነው። የጎንደር ነገር ከዚህም ይከፋል። ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ ምድር ላይ ያልተሰለፈ ኃይል የለም ማለት ይቻላል። ኢዲዩ ሑመራንና መተማን ይዞ ነበር። የኢሕአፓ ሠራዊት ከአሲምባ ከወጣ በኋላ በወልቃይትና በጠለምት፣ ከዚያም በሌሎች የጎንደር ወረዳዎች ቆይቷል። ኢሕዴን በ1973 ተመሠረተ፤ ከሰሜን ደግሞ ሕወሓት አለ። ከተማዋ ውስጥ በሻለቃ መላኩ ተፈራ አስተዳደር ዘመን ቀይ ሽብር የብዙ እናት ልጅ በልቷል፤ ያንን ሸሽቶ ጫካ የገባ ወጣትም ብዙ ነው። ስለዚህ ከአንድ ማሕፀን የወጡ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ታፍሶ ናቅፋ ግንባር፣ ሌላው ሸሽቶ ከታጋዮች ጋር ሊገኙ ይችላሉ።

ታፍሶ የሄደው ይጽፋል። ጫካ የገባው አይጽፍም፤ ቢጽፍ እናቱን ማሳሰር፣ ምናልባትም ማስገደል ነው። የእሱ ወሬ የሚመጣው በነጋዴ አፍ ነው፤ ያውም ስሙ ሳይጠራ፣ «ያ ሰው ደኅና ነው» ተብሎ። ታፍሶ የሄደውም ወንድሙን በደብዳቤ አይጠይቅም። የቤቱን ሰው ሁሉ እየጠራ ሰላም ሲል የወንድሙን ስም ይዘላል፤ እናትየው ለምን እንደዘለለው ታውቃለች፣ አንባቢውም ልጅ ያውቃል፣ ማንም አይናገረውም። ቀን ካድሬ፣ ሌሊት ታጋይ በሚመጣበት ቀበሌ የሠራዊት ማኅተም ያለበት ፖስታ ሌሊት ያስጠይቃል። ከጫካ የመጣ ብጣሽ ወረቀት ቢኖር ቀን ያስጠይቃል። እንዲህ ያለ ወረቀት ሙዳይ ውስጥ አይቀመጥም፤ ሣር ክዳን ውስጥ ይሸጎጣል ወይም እሳት ይበላዋል። ዛሬ «የዚያ ዘመን ደብዳቤ የት አለ?» ብለን ስንጠይቅ ግማሹ መልስ ይኸው ነው።

ሕግም እነዚህን እናቶች በድሏቸዋል፤ ይህን የማነሣው ብዙ ሰው ስለማያስተውለው ነው። በ1941 ዓ.ም. የወጣውና ኢትዮጵያ በ1962 ያጸደቀችው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ለጦር ምርኮኛ ግልጽ መብት ይሰጣል። የምርኮኛ ሰፈር በገባ በአንድ ሳምንት ውስጥ መማረኩን ለቤተሰቡ የሚያሳውቅ ካርድ ይልካል፤ ከዚያም በየወሩ ቢያንስ ሁለት ደብዳቤና አራት ካርድ ይጽፋል። ይህ ግን በአገሮች መካከል ለሚደረግ ጦርነት ነው። ለእርስ በርስ ጦርነት የተተወለት የጋራ አንቀጽ 3 ነው፤ እሱ ስለ ደብዳቤ አንዳች አይናገርም። በእርስ በርስ ጦርነት የተያዘ ሰው ደብዳቤ እንዲጽፍና እንዲቀበል የሚያዘው ሁለተኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል በ1969 ዓ.ም. ወጣ። ኢትዮጵያ የተቀበለችው በ1986 ነው፤ ጦርነቱ ካለቀ፣ ያለቀውም ሰው ካለቀ በኋላ። ስለዚህ በኦጋዴን ጦርነት በሶማሊያ የተማረከ ወታደር ቢያንስ በሕግ ፊት ለእናቱ ካርድ የመላክ መብት ነበረው። በመጋቢት 1980 አፍዓበት ላይ፣ በየካቲት 1981 ሽሬ ላይ የተማረከው ይህ መብት አልነበረውም። ባዕድ ከማረከው ይልቅ የገዛ አገሩ ሰው የማረከው ልጅ ለእናቱ የራቀ ሆነ። ይህን ማንም ሊያለባብሰው አይገባም።

ደብዳቤ የቆመባት እናት ልቅሶ አትቀመጥም። ፍትሐት የሚደረገው ለሞተ ሰው ነው፣ አርባውም የሚቆጠረው ካረፈበት ቀን ነው። ቀኑ ካልታወቀ ከየት ይጀመራል? «ሞቷል» ብላ ተዝካር ብታወጣ በሕይወት ባለ ልጇ ላይ ያሟረተች ይመስላታል። «አለ» ብላ ብትቆይ ነፍሱ ያለ ጸሎት የቀረች ይመስላታል። ስለዚህ ለሚካኤል፣ ለጊዮርጊስ ትሳላለች፤ ከግንባር መጣ የተባለ ሰው ባለበት ሁሉ ትሄዳለች። ልጁ ትዳር የያዘ ከሆነ ደግሞ በዚያው ቤት ምራት አለች፤ ወጣት ናት፣ እርሻ የሚያርስላት የለም፣ ሕጉ ሁለት ዓመት ይላታል። ያው የመጨረሻው ደብዳቤ ለምራቲቱ የመጥፋቱ መነሻ ቀን ነው፤ ለአማቲቱ ልጇ ለመኖሩ የቀራት ማስረጃ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። በአንድ ወረቀት ላይ አማትና ምራትን ያጣላው፣ መዝገብ ይዞ ዝም ያለው መንግሥት ነው።

በየካቲት 1983 ኢሕአዴግ «ቴዎድሮስ» ባለው ዘመቻ ጎንደርና ጎጃም ከደርግ እጅ መውጣት ጀመሩ፤ በግንቦት 20 አዲስ አበባ ተያዘች። ከ450 ሺህ በላይ የቀድሞ ሠራዊት አባላት ከውትድርና ተሰናበቱ፤ ለእነሱና ለጦር ጉዳተኞች ኮሚሽን ተቋቋመ። ወደ ቀያቸው የተመለሱት ሰዎች የደብዳቤውን ሥራ በአፋቸው ጨረሱት። «አብረን ነበርን» የሚል ሰው በየቤቱ እየተጠራ መርዶ ነጋሪ ሆነ። ብዙ እናት የልጇን ሞት የሰማችው ከተመላሽ አፍ እንጂ ከመንግሥት አይደለም። ያም ሰው ያልመጣላት፣ እስከ ዕለተ ሞቷ የጠበቀች አለች።

ስልክ ሲመጣ ይህ ያበቃ መስሎን ነበር። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ጦርነቱ ሲጀመር ስልክ ተቋረጠ። እዚያ በነበረው ሰሜን ዕዝ ውስጥ ልጅ ያላት እናት የያዘችው የመጨረሻው ጥሪ ቀን ነበር። ሰኔ 25 ቀን 2013 በሺዎች የሚቆጠሩ ምርኮኞች መቀሌ ውስጥ በአደባባይ ሲሄዱ በምስል ታዩ። በዚያ ምስል ውስጥ የልጁን ፊት ያልፈለገ የወታደር ቤተሰብ ይኖራል ብዬ አላምንም። ልጅን በሰልፍ መሐል ፈልጎ ማግኘት፣ መማረኩን የሚያሳውቀው ካርድ ምትክ ሆነ ማለት ነው። በነሐሴ 2013 መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ራሱ ዳባት ወረዳ፣ ጭና ድረስ መጣ፤ ሰላማዊ ሰዎች በየቤታቸው ተገደሉ። ያኔ ጥያቄው ተገለበጠ። ግንባር ያለው ልጅ ነው «እናቴ አለች ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው።

የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ከተፈረመ ዓመት ሳይሞላው ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተዘጋ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት፣ የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ተወስኖ ነበር። ከአንድ ሰፈር የወጡ ልጆች አንዱ መከላከያ፣ አንዱ ፖሊስ፣ አንዱ ፋኖ ሆነው እንደገና በአንድ ምድር ላይ ተገናኙ። ሣር ክዳን ውስጥ ይሸጎጥ የነበረው ወረቀት ዛሬ ስልክ ላይ ያለ ድምፅ ነው። ፍተሻ የፈራች እናት የልጇን ድምፅ ሰምታ ታጠፋዋለች። የወረቀቱ ግማሽ እንኳ ተርፏል፤ ይህኛው ግን ሙሉ በሙሉ የሚጠፋ ነው፣ ቀኑም ጭምር።

የደርግ ዘመን ጦርነት ከላይ ሆኖ በደንብ ተጽፏል። ገብሩ ታረቀ የመከላከያ ሚኒስቴርን መዛግብት ገልጠው ውጊያዎቹን መርምረዋል። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን»ን ጽፈዋል፤ የጦር መኮንኖችና የቀድሞ ታጋዮችም ማስታወሻ አሳትመዋል። ከእነዚህ ብዙ ተምሬአለሁ። የሚጎድለው ትእዛዙ የተፈጸመበት ልጅና እናቱ ናቸው። ጣሊያን ውስጥ ፒዬቬ ሳንቶ ስቴፋኖ በምትባል ትንሽ ከተማ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተራ ሰው ማስታወሻና ደብዳቤ የሚሰበስብ ቤተ መዛግብት አለ። በኅዳር 1934 ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው የጣሊያን ጦር ተራ ወታደር ለእናቱ ጽፎ ከነበረ፣ ዘመዶቹ ወረቀቱን የሚያስቀምጡበት ቦታ አላቸው። ከወገራ ተነሥቶ ናቅፋ ላይ የወደቀው ልጅ ደብዳቤ ግን እናትየው ስታርፍ ከሙዳዩ ጋር ይጣላል።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲና ብሔራዊው ቤተ መዛግብት (ወመዘክር) ይህን ሥራ ቢይዙት ወጪው ብዙ አይደለም። ዋናውን ወረቀት የሚሰጥ ቤተሰብ አይገኝም፣ መጠየቅም ነውር ነው፤ እዚያው ቤቱ ድረስ ሄዶ ፎቶ ማንሣት ይበቃል። ከወረቀቱ በፊት ግን መፈለግ ያለባቸው ያኔ ያነበቡት ልጆች ናቸው። ዛሬ ባብዛኛው ሃምሳውን የተሻገሩ መምህራን፣ ነርሶች፣ ቀሳውስት፣ የወረዳ ሠራተኞች፣ የውጭ አገር ኗሪዎች ናቸው። የትኛውን መስመር እንደዘለሉ የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው፤ ያን ደግሞ ወረቀቱ ቢገኝም አይናገረውም። አንድ ነገር ከመጀመሪያው መታሰብ አለበት። የሠራዊቱን ብቻ ወይም የታጋዩን ብቻ እሰበስባለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ሁለት ልጆቿ በሁለት ወገን የቆሙባት እናት የሁለቱን አብሮ የማይቀበል ሰው ቢመጣባት አንዱንም አታወጣለትም።